ማንም ሳይልካት የሄደች ነርስ

ስለ ነርስነት ታሪክ ሲነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ስም የፍሎሬንስ ናይቲንጌል ነው፤ መነሣቱም ይገባል። እኔ ግን በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ የመረጥሁት በዚያው ዘመን፥ ለዚያው ጦርነት፥ ያንኑ ሥራ ልሥራ ብላ ተነሥታ በሩ የተዘጋባትን ሌላይቱን ሴት ነው። ስሟ ሜሪ ሲኮል ይባላል። መንግሥት አልላካት፥ ማኅበር አልቀጠራት፤ በመርከብ የተሳፈረችው በራሷ ገንዘብ ነው፤ የታመመውን ያስታመመችውም ምግብና ሸቀጥ እየሸጠች ነው። ይህ መሸጧ እስከ ዛሬ ድረስ ያነጋግራል። ነጋዴ ነበረች እንጂ ነርስ አልነበረችም የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የማልስማማበትንም ምክንያት ታሪኳን እየተከተልሁ ለማሳየት እሞክራለሁ። የዘመኑ አቆጣጠር ሁሉ የአውሮፓውያን ነው፤ የእኛ በሆነበት ስፍራ እገልጻለሁ።

በዕድሜዋም በሥራዋም አንቱ ልትባል ይገባት ነበር። ነገር ግን በጦር ሜዳ የነበሩት ወታደሮች እናት እያሉ ይጠሯት ስለ ነበር፥ እኔም አንቱታውን ትቼ እንደ እናት ልጠራት መርጫለሁ።

ሜሪ በ1805 በጀማይካ ደሴት በኪንግስተን ከተማ ተወለደች። አባቷ ከስኮትላንድ የመጣ ወታደር ነበር፤ እናቷ የአገሩ ጥቁር ሴት ነበረች፤ ይኸውም ባሪያ ያልሆነች ነፃ ሴት። በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ ከሚኖረው ጥቁር ሕዝብ የሚበዛው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት ይማቅቅ ነበርና ነፃ ሆኖ መወለድ ቀላል ነገር አልነበረም። ባርነትን የሚሽረው የእንግሊዝ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው በ1834 ነው፤ ያን ጊዜ የሜሪ ዕድሜ ወደ ሠላሳ ተጠግቶ ነበር።

እናቷ የእንግዳ ማደሪያ ቤት ነበራት። ከእንግዶቿም ብዙዎቹ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ነበሩ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው በዚያ አገር ንዳድና ቢጫ ወባ ቶሎ ይጥለዋል። እናትየዋም የአገሩን ቅጠልና ሥር ጠንቅቃ የምታውቅ ባለመድኃኒት ስለ ነበረች፥ ቤቷ ለጤነኛው ማደሪያ፥ ለታመመው ሐኪም ቤት ሆኖ ያገለግል ነበር። የራቱን ሒሳብ የሚከፍለውና መድኃኒቱን የሚጠጣው አንዱ ሰው ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ሜሪ ኋላ በጦር ሜዳ የሠራችው ቤት ከዚህ የተቀዳ ነውና።

ሜሪም ገና በሕፃንነቷ እናቷ ስትሠራ እያየች አሻንጉሊቷን ማስታመም ጀመረች። በከተማው የገባው በሽታ ሁሉ በዚያች ምስኪን አሻንጉሊት ላይ ይወርድ ነበር። ቀጥሎ ተራው የቤቱ ውሾችና ድመቶች ሆነ፤ የሌለባቸውን በሽታ አለባችሁ እያለች መድኃኒት ትግታቸው ነበር። በመጨረሻ በገዛ ራሷ ላይ ሞከረችው። ይህን የምናውቀው እርሷ ራሷ ከጻፈችው መጽሐፍ ነው። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ጥቂት ማሳመሩ ባይቀርም፥ ስለ ድመቶቹ የዋሸች አይመስለኝም።

የመንገድ ፍቅርም በልጅነቷ አደረባት። ገና ወጣት ሳለች ወደ ለንደን ተሻግራ አንድ ዓመት ያህል ተቀመጠች፤ የመንገድ ልጆች በእርሷና ከእርሷ ይልቅ በጠቆረችው ጓደኛዋ መልክ ይሣለቁ እንደ ነበር አልረሳችውም። ሁለተኛ ስትመለስ ግን ባዶ እጇን አልሄደችም፤ የጀማይካ ማርመላታና አቻር ጭና ሄዳ እየሸጠች ሁለት ዓመት ያህል ኖረች። ከዚያ ወዲህ ወደ ባሃማ፥ ወደ ኩባና ወደ ሃይቲ ደሴቶች ተመላልሳለች። በ1836 ኤድዊን ሲኮል የሚባል እንግሊዛዊ አገባች፤ ባሏ ግን በሽተኛ ነበርና በጋብቻቸው ዘመንም አስታማሚነቱ አልቀረላትም። በ1843 ኪንግስተንን ያቃጠለው እሳት ቤታቸውን አጠፋው፤ በ1844 ባሏ ሞተ፤ ወዲያው እናቷ ተከተለች። ቤቱን እንደ ገና ሠርታ ሥራዋን ቀጠለች።

በ1850 ኮሌራ ጀማይካ ገባ። ወደ 32 ሺህ የሚሆን ሕዝብ እንደ ጨረሰ ይገመታል። ሜሪ በሽታውን በቅርብ ያየችው በዚህ ጊዜ ነው፤ ዋናው ፈተና ግን በሚቀጥለው ዓመት በፓናማ ጠበቃት።

የፓናማን ነገር ለመረዳት የዘመኑን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1848 በካሊፎርንያ ወርቅ ስለ ተገኘ ከአሜሪካ ምሥራቅ የተነሣ ወርቅ ፈላጊ ሁሉ በመርከብ እስከ ፓናማ ይመጣል፤ ከዚያ ቀጭኗን ምድር ተሻግሮ በሌላ መርከብ ወደ ካሊፎርንያ ይወጣል። ቦዩ ገና አልተቆፈረም፤ የባቡሩ ሐዲድም ያለቀው በ1855 ነው። ስለዚህ መንገደኛው በቻግሬስ ወንዝ በጀልባ ወጥቶ ክሩሴስ ከምትባል መንደር ይደርሳል፤ ከዚያ በበቅሎ ወይም በእግሩ ይቀጥላል። የሜሪ ወንድም ኤድዋርድ በዚያች መንደር ሆቴል ከፍቶ ነበር። ሜሪም በ1851 ልትጠይቀው ስትመጣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፥ ነጭ ባርኔጣ ደፍታ ነበርና ከጀልባው ወርዳ የወንዙን ዳር ስትወጣ ቀሚሱ በጭቃ ተለወሰ። የወንድሟም ሆቴል በመንገደኛ ከመጨናነቁ የተነሣ የመጀመሪያዪቱን ሌሊት ያደረችው ከገበታ ሥር ነው።

ብዙም ሳትቆይ ከወንድሟ ጋር ራት የበላ አንድ የስፔን ተወላጅ ቤቱ ገብቶ ሞተ። ሰው ሁሉ ኤድዋርድ መርዝ አብልቶት ነው ብሎ ማንሾካሾክ ጀመረ። ሜሪ ሬሳውን አይታ ኮሌራ መሆኑን ተናገረች፤ ማንም ሊያምናት አልወደደም። ወዲያው ሁለተኛው ሰው ታመመ፥ ሦስተኛውም። በመንደሪቱ ደኅና ሐኪም አልነበረምና ሰዉ ሁሉ ወደዚህች እንግዳ ሴት ሮጠ። ቀንና ሌሊት ከቤት ቤት እየዞረች አስታመመች። ያለው ይከፍላታል፤ የሌለውን በነጻ ታክማለች። በቅሎ ነጂዎቹ በሚያድሩበት ጎጆ ውስጥ፥ እንስሳውም ሰውም በአንድነት በተኛበት፥ ወላጅ የሌለውን የአንድ ዓመት ሕፃን በጭኗ ታቅፋ አደረች፤ ሕፃኑ ሲነጋ ሞተ። እርሷም በሽታው በሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ቀባሪውን አስፈቅዳ በወንዙ ዳር የሕፃኑን ሬሳ ከፍታ መረመረች። ይህን ሳነብ ዘገነነኝ። ግን ሕክምና የተማሩት ወንዶች በዩኒቨርሲቲ የሚያደርጉትን እርሷ የሚያስተምራት ስለሌለ በወንዝ ዳር አደረገችው። በመጨረሻም ራሷን ያዛት፤ ጥቂት ቀን ተኝታ ተነሣች።

ለመሆኑ መድኃኒቷ ይፈውስ ነበርን? እውነቱን መናገር ይገባል። የሰናፍጭ ልጥፍ በሆድ ላይ ታደርጋለች፤ የሚያስመልስ ነገር ትሰጣለች፤ እንደ ዘመኑ ሐኪሞች ሁሉ ሜርኩሪና እርሳስ ያለበት መድኃኒትም ታዝዛለች። እነዚህ ከሚጠቅሙት የሚጎዱት እንደሚበልጥ ዛሬ እናውቃለን። ነገር ግን ደግሞ ቀረፋ የተፈላበትን ውኃ ደጋግማ ታጠጣ ነበር። ኮሌራ የሚገድለው የሰውነትን ውኃ አሟጦ ስለሆነ ዛሬም የመጀመሪያው ርዳታ ስኳርና ጨው በልኩ የተበጠበጠበት ውኃ ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቶቿ ሁሉ ትንሹ፥ ያ የቀረፋ ውኃ፥ ሳይሻል አልቀረም። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ኮሌራ ከመጠጥ ውኃ እንደሚመጣ በለንደን በአንድ የውኃ ጉድጓድ ያሳየው በ1854 ነው፤ የክሩሴሱ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

በዚያው በክሩሴስ አሜሪካውያኑ የነጻነት በዓላቸውን ሲያከብሩ አንዱ ተነሥቶ ሜሪን አመሰገነ። ምስጋናውንም ሲጨርስ ቆዳዋን እንደ ጨርቅ አንጽቶ ነጭ ማድረግ ቢቻል ኖሮ ይገባት ነበር አለ። ሜሪም ተነሥታ ከዚህ ይልቅ ብጠቁር እንኳ ደስ ይለኛል የሚል መልስ ሰጠችው፤ ጽዋዋንም ለአሜሪካውያን ጠባይ መሻሻል አነሣች። ከሞት ያተረፈቻቸው ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት።

በ1853 ወደ ጀማይካ ስትመለስ ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር፤ የጦር ሰፈሩ ሹማምንትም ለወታደሮቹ አስታማሚ ሴቶች እንድታቀርብ ጠየቋት። እንግዲህ በጀማይካ ያለው የእንግሊዝ ጦር ያውቃታል፥ ያምናታልም። ይህን ይዛ ነው በ1854 መጨረሻ ወደ ለንደን የሄደችው።

በዚያን ጊዜ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው በክራይሚያ ምድር ከሩሲያ ጋር ይዋጉ ነበር። ወታደሩ ከጥይት ይልቅ በኮሌራ፥ በተቅማጥና በብርድ ያልቅ ነበር። ናይቲንጌል 38 ሴቶች አስከትላ ሄዳለች፤ ተጨማሪም ይፈለጋል ተብሏል። ሜሪ ወደ ጦር ሚኒስቴር ሄደች፤ አልተቀበሏትም። የሕክምናውን ክፍል ጠየቀች፤ አልሆነም። ነርሶቹን ይመርጡ ከነበሩት የሚኒስትሩ ሚስት ደጅ ጠናች፤ ቦታው ሞልቷል ተባለች። በመጨረሻ ለጦርነቱ ገንዘብ የሚያዋጣው ማኅበር የመሄጃዋን ብቻ እንዲከፍልላት ለመነች፤ ያም ቀረ። በአንድ የክረምት ምሽት በለንደን መንገድ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ የከለከሏት በመልኳ ምክንያት ይሆንን እያለችም ራሷን ጠየቀች። ጥያቄውን ወደ ጎን የምንተወው አይመስለኝም፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን፥ ኮሌራን በእጇ የነካችውን ሴት መልሶ የሚሰድድ ሰው ሌላ ምን ምክንያት ሊኖረው ይችላል?

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው እኔን የማረከኝ። ካልላካችሁኝ ራሴ እሄዳለሁ አለች። የባሏ ዘመድ ከሆነው ከቶማስ ዴይ ጋር የንግድ ሽርክና መሠረተች፤ በክራይሚያ ብሪቲሽ ሆቴል የተባለ ቤት እንደምትከፍት የሚያስታውቅ ካርድ አሳትማ አስቀድማ ላከች፤ መድኃኒትና ሸቀጥ ገዝታ በ1855 መጀመሪያ ተሳፈረች። በዚያው ዓመት፥ በእኛ 1847 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ጦርነቱ ለኛ ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ ንጉሡ ኋላ በጋፋት አሠርተው ወደ መቅደላ ያስጎተቱት መድፍ ስሙን ያገኘው ሜሪ ወደምትሄድበት ከተማ ከሴባስቶፖል ነው።

በመንገዷ ቁስጥንጥንያ ደርሳ በስኩታሪ ካለው ትልቅ ሐኪም ቤት ናይቲንጌልን አገኘቻት። ንግግራቸው አጭር ነበር፤ ለአንዲት ሌሊት ማደሪያ ብትጠይቅ ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር ተሰጣት። በማግሥቱ ጉዞዋን ቀጠለች። ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የናይቲንጌል ሐኪም ቤት ከውጊያው ስፍራ ጥቁር ባሕርን ተሻግሮ ነው፤ ቁስለኛው በመርከብ ተጭኖ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ብዙው በመንገድ ይሞታል። ሜሪ ግን የሄደችው ባሕሩን ተሻግራ ወደ ውጊያው ነው። ባላክላቫ ወደብ እንደ ደረሰችም ቤት እስክትሠራ አልጠበቀችም፤ በወደቡ ዳር መርከብ የሚጠባበቁትን ቁስለኞች ፋሻ ስታጠብቅላቸውና ሻይ ስታጠጣቸው ትውል ነበር።

ሆቴሉ የተሠራው ከወደቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወደ ሴባስቶፖል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። እንጨቱ ከባሕር ላይ የተለቀመና ከዕቃ ሣጥን የተነቀለ፥ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ 800 የእንግሊዝ ፓውንድ ፈጀ። በውስጡ የማይሸጥ ነገር አልነበረም፤ ከመርፌ ጀምሮ እስከ ቦት ጫማ፥ ከሾርባ እስከ ሻምፓኝ። ጠዋት ጠዋት በደጃፏ ሕመምተኛው ይሰለፋል፤ እስኪያልቅ ድረስ ታስታምማለች። ውጊያ በሚሆንበት ቀን ፋሻ፥ መድኃኒት፥ ምግብና መጠጥ በበቅሎ አስጭና ተኩሱ ወዳለበት ትሄዳለች። ሌቦች በጎቿንና በቅሎዎቿን ከመስረቃቸው የተነሣ ኪሣራዋን መቁጠር እስኪሰለቻት ደረሰች።

በነሐሴ ወር በቸርናያ ወንዝ ውጊያ በሆነ ጊዜ ያስታመመችው የእንግሊዝን ወገን ብቻ አልነበረም። መንጋጋው ውስጥ ጥይት የገባበትን አንድ የሩሲያ ወታደር ልትረዳው ጣቷን ወደ አፉ አስገባች፤ ሰውየው በሞት ጣር ውስጥ ነበርና ጥርሱ ጣቷን ነክሶ ተቆለፈባት፤ በሰው ርዳታ አስለቀቀች። ጠባሳው ዕድሜ ልኳን አልጠፋም። ሴባስቶፖል በመስከረም 1855 ሲወድቅም የይለፍ ወረቀት አስወጥታ፥ ገና በሚቃጠለው ከተማ ውስጥ በበቅሎ ቀለብ ጭና ገባች፤ ከእንግሊዝ ወገን ሴት በመጀመሪያ የገባች እርሷ ናት። የዘ ታይምስ ጋዜጣ ወኪል ዊሊያም ሐዋርድ ራስል ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቶ ለአገሩ ሕዝብ ጽፎላታል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልመለስ። ናይቲንጌል በ1870 ለእኅቷ ባል በጻፈችው ደብዳቤ ሜሪ ለወታደሮቹ ደግ ሥራ እንደ ሠራች ታምናለች፤ በቤቷ ግን ስካር ነበረ ብላ ትከሳታለች። የወይን ጠጅ መሸጧ እውነት ነው፤ ልደብቀው አልፈልግም። ግን ሒሳቡን እንይ። መኮንኑ ለሻምፓኙ በከፈለው ገንዘብ ተራው ወታደር መድኃኒት ያገኝ ነበር። ደመወዝ የሚከፍላት የለም፤ ስንቅ የሚልክላት የለም፤ ባትሸጥ ኖሮ በሳምንቱ ወደ ለንደን ትመለስ ነበር። አክስቴ ነርስ ናት። ከተመረቀች ወዲህ ከወረዳ ወደ ወረዳ እየተዛወረች በአምስት ጤና ጣቢያዎች አገልግላለች፤ በአንዱም ስፍራ ሌሊት ስትጠራ አልመጣም ብላ አታውቅም። ሆኖም ስለ ደመወዟ በተናገረች ቁጥር ከዘመዶቻችን ፊቱን የሚያጠቁር አይጠፋም፤ ነርስ የሆነች ሴት የምትበላው ጽድቅ ብቻ ይመስላቸዋል። እኔም ወደፊት ይህንኑ ትምህርት ለመማር አስቤያለሁና ነገሩ ይመለከተኛል። ለሜሪ ሲኮል ገንዘብ የሥራዋ ተቃራኒ አልነበረም፤ የተጫነችበት በቅሎ ነበር እንጂ።

ከሁሉም በላይ የሚመሰክርላት መጨረሻው ነው። በማርች 30 ቀን 1856 በፓሪስ የሰላም ውል ተፈረመ። ሠራዊቱ ወደ አገሩ ሲመለስ መጋዘኗ እንደ ሞላ ነበር፤ ያን ሁሉ ዕቃ የሚገዛት ጠፋ። በርካሽ ዋጋ በተነችው። ለትርፍ ብቻ የመጣ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ቀን ሳይጨልም ይሸሽ ነበር፤ እርሷ መጨረሻ ከወጡት ጋር ወጣች። ለንደን ስትደርስ ባለዕዳዎች ያዟት፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር እርሷና ሸሪኳ በፍርድ ቤት ከሰሩ።

ያን ጊዜ ወታደሮቹ አልረሷትም። ስለ እርሷ በጋዜጣ ተጻፈ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ በጁላይ 1857 በለንደን በሮያል ሰሪ የአትክልት ስፍራ ለአራት ቀን የሙዚቃ በዓል ተደረገላት። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ መጣ። ነገር ግን ስፍራውን የያዘው ኩባንያ ራሱ ከስሮ ስለ ነበር ከዚያ ሁሉ ገቢ ለእርሷ የደረሳት 57 ፓውንድ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ስለ ብዙ አገሮች ጉዞዋ የጻፈችው መጽሐፍ ታተመ፤ ይህም ጥቂት አቋቋማት። በ1867 የንግሥቲቱ ልጅ ልዑል ኤድዋርድ ጭምር የደገፉት ሁለተኛ መዋጮ ተደረገና የመጨረሻ ዘመኗ ያለ ችግር አለፈ። በሜይ 14 ቀን 1881 በለንደን ሞተች፤ በኬንሳል ግሪን በካቶሊኮች መቃብር ተቀበረች።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ ማንም አላነሣትም። መቃብሯ የታደሰው በ1973 ነው። በ1869 የተሣለ ምስሏ ደግሞ የተገኘው ሌላ ሥዕል በተቀመጠበት ክፈፍ ጀርባ መደገፊያ ሆኖ ነው፤ ዛሬ በለንደን በብሔራዊ የምስል ቤት ተሰቅሏል። በ2004 በእንግሊዝ አገር በተደረገ ምርጫ ከጥቁር ብሪታንያውያን ሁሉ ታላቋ ተብላ ተመረጠች። ሐውልት ይቁምላት ሲባል ግን ክርክሩ እንደ ገና ተነሣ፤ የተመረጠው ስፍራ የቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት ነበርና፥ ናይቲንጌል በ1860 የነርሶች ትምህርት ቤት የመሠረተችበት ማለት ነው፥ የናይቲንጌል ወዳጆች ተቃወሙ። ሐውልቱ ግን በጁን 30 ቀን 2016 ተመረቀ። ሜሪ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ እየተራመደች ነው፤ ከጀርባዋ የክራይሚያ መሬት ቅርጽ የታተመበት ትልቅ ክብ ነሐስ ቆሟል፤ ፊቷም በቴምዝ ወንዝ ማዶ ወዳለው የእንግሊዝ ፓርላማ ዞሯል።